የመድኃኒት ዕፅዋትና የሥጋ ዶሮ ደም፤ ጥቅሙም ልኩም ይታወቅ

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና ከተሞች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በዴዶ አካባቢ የገበሬው ዋነኛ ገቢ ከቡና ለቀማ ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። ቡናው ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ እስከሚቀጥለው ለቀማ ድረስ ባሉት ወራት ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለተማሪ ደብተርና ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ ብዙው ቤተሰብ የሚፈልገው ከጓሮው ነው። ከጓሮ ሀብት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ወደ ገንዘብ የምትለወጠው ዶሮ ነች።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ ማርን፣ እንቁላልንና የዶሮ ሥጋን ለማብዛት የተነሣ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ በየገጠሩ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ማርባት እየተስፋፋ መጥቷል። ለሥጋ ተብለው የተዳቀሉት እንደ ኮብ 500 ያሉት ዶሮዎች ከአገር ውስጥ ዶሮ በእጅጉ የተለዩ ናቸው። የአገራችን ዶሮ ጭራ፣ ለቅማ፣ ከጭልፊት አምልጣ የምታድግ ስትሆን፣ የሥጋ ዶሮ ግን በ6 ሳምንት ውስጥ ለገበያ እንድትደርስ የተዘጋጀች፣ መኖዋንና ንጽሕናዋን ሁሉ ከአርቢው የምትጠብቅ ናት። የአንድ ቀን ጫጩት ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ጅማ ለመድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ያቋርጣል። በመሆኑም ገና ሲደርስ ደክሞ፣ ጠምቶትና በርዶት ነው።

ጫጩቱ ሲታመም ገበሬው በመጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ወደ ጓሮው ነው። ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣል፤ የግራዋ ቅጠል ይጨምቃል፤ ፌጦና ሎሚ ይቀላቅላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጅማ ዞን በ4 ወረዳዎች ስለ ባህላዊ የእንስሳት ሕክምና የተደረገ ጥናት ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ የአካባቢው ሕዝብ በርካታ ዕፅዋትን ለእንስሳቱ መድኃኒትነት እንደሚጠቀም አረጋግጧል። በሐረማያና በሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ያሉ ዕፅዋት በዶሮ መኖ ውስጥ እየተጨመሩ ተሞክረዋል። ከነዚህ ሙከራዎች የሚሰማው ወሬ ብዙውን ጊዜ «ይህ ቅጠል የዶሮን ደም ይጨምራል» የሚል ነው።

ወሬው ወደ ገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ሲደርስ ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ካላቸው ጥቂት ገንዘብ ለክትባት ያውጡን? ለመኖ ያውጡን? ወይስ ለቅጠሉና ለሥሩ? ለዚህ መልስ ለመስጠት «ደም ይጨምራል» የሚለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ በቅድሚያ መመርመር ያስፈልጋል።

ደም ምን ይናገራል?

የዶሮ ደም ከሰውነቷ ክብደት ከ100 እጅ 7 እጅ ያህል ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን የሥጋ ዶሮ ያላት ደም 140 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሁለት የቡና ስኒ ያህል ነው። የ3 ሳምንት ጫጩት ደግሞ ያለው ደም ከአንድ ስኒ አይበልጥም። ስለዚህ በተቅማጥ የሚወጣ ጥቂት ደም ለሰው ዓይን ትንሽ ቢመስልም ለጫጩቱ ከባድ ጉዳት ነው።

በደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት ከሳንባ የተቀበሉትን አየር ወደ ሥጋው ሁሉ ያደርሳሉ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲቆይ የዶሮ ግን የሚቆየው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። ይህም ማለት በ42 ቀን የምትሸጥ ዶሮ በአጭር ዕድሜዋ ውስጥ ቀይ ሕዋሳቷን በሞላ መተካት ይኖርባታል ማለት ነው። ለዚህም ፕሮቲን፣ ብረትና ቪታሚን ያስፈልጋታል። የመኖ ጉድለት በደም ላይ ቶሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያዎች የዶሮን ደም የሚመረምሩት ከክንፏ ሥር ካለው የደም ሥር ጥቂት ጠብታ ወስደው ነው። ደሙ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ሲዞር ቀይ ሕዋሳቱ ወደ ታች ይረጋሉ። ከመላው ደም ውስጥ የነዚህ ሕዋሳት ድርሻ ሄማቶክሪት ይባላል። በጤነኛ ዶሮ በአብዛኛው ከ100 እጅ ከ22 እስከ 35 እጅ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የነጭ ሕዋሳት ቁጥር ይቆጠራል። ነጭ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው የጨመረው ዘበኞቹ ስለ በረቱ ነው ወይስ ጠላት ስለ ገባ የሚለው በቁጥሩ ብቻ አይታወቅም።

እንግዲህ የደም ቁጥር እንደ እህል ቁና አይደለም። እህል በበዛ ቁጥር ይመሰገናል። ደም ግን ልክ አለው። ከልኩ ቢያንስም፣ ከልኩ ቢያልፍም በሽታ ነው።

ደም የሚያሳንስና ደም የሚያወፍር

በጅማ አካባቢ የሥጋ ዶሮን ደም ከሚያሳንሱት ሁሉ በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የደም ተቅማጥ ነው። በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ፣ በዶሮ ዘንድ ብቻ 7 ዓይነት የሆኑ ተባዮች ሲሆኑ፣ ከነዚህ መካከል ኤይሜሪያ ቴኔላ የተባለው በዕውር አንጀት ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በመብላት ደም ያፈሳል። የሚያጠቃውም በብዛት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ነው። የተባዩ እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ በእርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ላይ ሲያርፍ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለመበከል ይደርሳል። ዝናብ በሚበዛበት በጅማ አካባቢ ውኃ የሚፈስበት መጠጫና ያልተገለበጠ ጉዝጓዝ ለዚህ ተባይ ምቹ ማሳ ነው።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በቆሎና የኑግ ፋጉሎ በእርጥበት ሥፍራ ሲከማቹ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ነው ይህ መርዝ ሊታወቅ የቻለው። ምክንያቱም የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። መርዙ ጉበትን ያበላሻል፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደም ማነስንም ያመጣል። የቡና ገለባን ለጉዝጓዝ የሚጠቀሙ አርቢዎችም ገለባው በሚገባ ያልደረቀ እንደሆነ ሻጋታን ወደ ዶሮ ቤት በገዛ እጃቸው ማስገባታቸው ነው።

ደምን የሚያወፍር ችግርም አለ። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን የዴዶ ደጋማ ቀበሌዎች ከዚህ ከፍ ይላሉ። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል። ፈጥና የምታድገው የሥጋ ዶሮ ሥጋዋ ከሳንባዋ ቀድሞ ስለሚገዝፍ አየር ያጥራታል። ሰውነቷ ይህን ለማካካስ ቀይ ሕዋስ አብዝቶ ይሠራል፤ ደሙ ይወፍራል፤ ልቧ ወፍራሙን ደም መግፋት ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ሆዷ ውኃ ይቋጥርና ትሞታለች። እንዲህ ያለችው ዶሮ ከመሞቷ በፊት ደሟ ቢለካ ቁጥሩ ከጤነኛዋ በልጦ ይገኛል። ውኃ የጠማትም ዶሮ እንዲሁ ናት። ከሰውነቷ ውኃ ሲጎድል የደሟ ሕዋስ ድርሻ የበዛ መስሎ ይታያል። ከዚህ አኳያ ሲታይ «ደም ጨመረ» የሚለው ወሬ ብቻውን የምሥራች ሊሆን አይችልም።

ዕፅዋቱ ምን ያደርጋሉ?

በዓለም ላይ የመድኃኒት ዕፅዋት በዶሮ መኖ ውስጥ በስፋት እንዲሞከሩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች አጠቃቀም ነው። በብዙ አገሮች ዶሮ ቶሎ እንድትወፍር በየዕለቱ በመኖዋ ውስጥ ጥቂት ጥቂት መድኃኒት ይጨመርላት ነበር። ይህ ልማድ መድኃኒት የማይበግራቸው ተሕዋስያን እንዲራቡ የሚያደርግ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሞላ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማወፈሪያነት መስጠቱን ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ቅጠልና ሥር አዙረዋል።

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል። ይህም ጥቃቅን ተሕዋስያንን የመግታት ኃይል አለው። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን፣ በእርድ ውስጥ ኩርኩሚን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። እነዚህ የሕዋስን ግድግዳ ከመቃጠል ይከላከላሉ ተብለው የሚጠኑ ናቸው። ዝንጅብል የምግብ መፍጨትን ያግዛል። የሽፈራው ቅጠል ፕሮቲንና ብረት ያለው በመሆኑ ደም ለመሥራት የሚረዳው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ነው። በጅማ ዙሪያ በኦሮምኛ ኤቢቻ የሚባለው ግራዋም በመራራነቱ ለሆድ ትል ሲሰጥ የኖረ ነው።

ሙከራው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶች በዕጣ ይከፈላሉ። ለአንዱ ክፍል ምንም ያልተጨመረበት መኖ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ዱቄቱ ወይም ጭማቂው በተለያየ መጠን የተጨመረበት መኖ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻም ክብደታቸውና ደማቸው ይለካል። እስካሁን የተገኘው ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዱ ሙከራ ቀይ ሕዋስ ጨምሮ ሲገኝ በሌላው ልዩነት አልታየም። ምክንያቱም ተክሉ የበቀለበት መሬት፣ የተለቀመበት ጊዜ፣ የደረቀበትና የተዘጋጀበት ዘዴ ሁሉ ኃይሉን ይለውጠዋል።

መሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላ ነጥብ አለ። እንዲህ ያሉ ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደረጉት ክትባት በተሰጣቸው፣ የተመጣጠነ መኖ በሚበሉና በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ በሚኖሩ ዶሮዎች ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንደኛው ክፍል ደም ከ100 እጅ 28፣ የሌላው 30 ቢሆን ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ልዩነቱ ለተመራማሪው ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። ለአርቢው ግን በክብደት ወይም በሞት ቁጥር ላይ ካልታየ በኪሱ የሚገባ ነገር የለም።

መጠን ያለፈ እንደሆነ

ከጓሮ የመጣ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ብዙ ዶሮ ሊያስጨርስ የሚችል ነው። ለዚህ ሁነኛው ምስክር እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው የተክሉን ኃይል ለዓለም አስታወቁ። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣን ይገድላል። ይኸው ሳፖኒን በላቦራቶሪ ከደም ጋር ሲገናኝ ቀይ ሕዋስን ያፈነዳል። በብዛት ሲዋጥም የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳል። ስለዚህ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለዶሮ መጠጥ የሚሆን አይደለም።

ቀይ ሽንኩርት አብዝቶ የበላ ከብትና ውሻ ቀይ የደም ሕዋሱ እየፈረሰ ደም ማነስ እንደሚይዘው በእንስሳት ሕክምና ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው። ነጭ ሽንኩርትም የዚያው ቤተሰብ በመሆኑ በጥቂቱ የጠቀመ በብዛት ላይጠቅም ይችላል። ግራዋም ሳፖኒን አለው፤ ከዚህም በላይ እጅግ መራራ ስለሆነ ውኃው ውስጥ ሲበዛ ዶሮዋ መጠጣት ትተዋለች። ያልጠጣች ዶሮ ደግሞ አትበላም።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለዕፅዋት ብቻ የተነገረ እንዳይመስል፣ የፋብሪካ መድኃኒትም ልኩ ሲያልፍ ደምን ይጎዳል። ለደም ተቅማጥ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል የሰልፋ ወገን የሆኑት ከታዘዘው መጠንና ቀን በላይ ሲሰጡ ደም የሚሠራበትን የአጥንት መቅኔ ያዳክማሉ፤ በሥጋ ውስጥም የደም መፍሰስ ያስከትላሉ። ስለዚህ ቅጠሉም ሆነ ዱቄቱ በእፍኝና በግምት መሰጠቱ መቅረት ይኖርበታል።

ሂሳቡ ሲሠራ

አንድ የሥጋ ዶሮ በ42 ቀን ውስጥ ቢያንስ 4 ኪሎ መኖ ትበላለች ብንል፣ 100 ዶሮዎች 400 ኪሎ ይበላሉ። በመኖው ላይ ከ100 እጅ 1 እጅ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይጨመር ቢባል 4 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ከግማሽ በላይ ውኃ በመሆኑ 4 ኪሎ ዱቄት ለማግኘት 11 ኪሎ ያህል እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ተልጦ መድረቅ አለበት። ይህን በአጋሮ ወይም በጅማ ገበያ በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ፣ ለዚያው ያህል ዶሮ ከሚያስፈልገው የክትባትና የመድኃኒት ዋጋ ጋር ማስተያየት ለማንኛውም የማኅበር ገንዘብ ያዥ የሚያቅት አይደለም። ግራዋና ሽፈራው ከጓሮ የሚገኙ ስለሆኑ ወጪያቸው ጉልበት ነው። ጉልበትም ቢሆን በለቀማ ወራት ዋጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ ሂሳብ ውጭ የሚቀር አንድ በሽታ አለ። ይኸውም ፈንግል ነው። ፈንግል የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርትም፣ አረቄም፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም አያድነውም። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ከሚያመርታቸው አንዱ የሆነውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው አይ 2 የተባለው ሙቀትን በመጠኑ የሚችል በመሆኑ ማቀዝቀዣ እንደ ልብ ለማይገኝበት ገጠር ይስማማል። ለጓሮ ዶሮዎች በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። ለሥጋ ዶሮ ደግሞ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት በባለሙያው በሚወጣው የቀን ሠሌዳ ይሰጣል። ክትባቱ በሚጠጣ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ በዚያን ዕለት ውኃው ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም ሆነ ሌላ ነገር መጨመር አይገባም። የክትባቱን ኃይል ሊያጠፋ ይችላልና።

የማኅበራቱ ድርሻ

ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ክትባት ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ሊቆይ ስለማይችል፣ 5 ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። ሠላሳና አርባ አባወራዎች በአንድ ቀን ዶሮዎቻቸውን ይዘው ሲገኙ ግን ወጪው ለእያንዳንዱ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ቀዳሚ ተግባር ቀኑን መቁረጥ፣ የእንስሳት ጤና ኬላውን ባለሙያ አስቀድሞ መጥራትና ገንዘቡን ማሰባሰብ ነው።

ክትባቱ፣ ደረቁ ጉዝጓዝና ያልሻገተው መኖ ከተሟሉ በኋላ ዕፅዋቱን መሞከር የሚፈልግ ማኅበር በገዛ አቅሙ ሊሞክር ይችላል። አካሄዱ ቀላል ነው። በአንድ ቀን ከመጡ 100 ጫጩቶች በዕጣ 50 በ50 ይከፈሉ። ትላልቆቹን ወደ አንድ ወገን መምረጥ ውጤቱን ያበላሻል። ቤቱ፣ መኖውና ክትባቱ አንድ ይሁን። ልዩነቱ አንድ ተክል ብቻ ይሁን። ነጭ ሽንኩርት፣ ግራዋና ጥቁር አዝሙድ ባንድነት ከተቀላቀሉ የትኛው እንደ ሠራ ማንም ሊያውቅ አይችልም። መጠኑ በሚዛን ተለክቶ ይጻፍ። በየዕለቱ የሞቱት፣ የተበላው መኖና በመጨረሻ የተገኘው ክብደት በመዝገብ ይስፈር። 50 ዶሮዎች 200 ኪሎ መኖ በልተው 100 ኪሎ ከመዘኑ፣ ለ1 ኪሎ ክብደት 2 ኪሎ መኖ ወጥቷል ማለት ነው። በሌላው ወገን ይህ ቁጥር ካነሰና የሞቱትም ካነሱ፣ ሙከራው ተደግሞ ያው ውጤት ከተገኘ፣ ተክሉ ለዚያ ቀበሌ ጠቅሟል ሊባል ይቻላል።

የደም ምርመራ ያስፈለገ እንደሆነ ባለሙያ በአቅራቢያ አይጠፋም። ጅማ በ1945 ዓ.ም. የግብርና ትምህርት ቤት የተከፈተባት፣ ያም ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሆነባት ከተማ ነች። በአጋሮ በኩል በሚወስደው መንገድ ደግሞ የበደሌ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይገኛል። ጫጩቶች በድንገት ማለቅ ሲጀምሩ በእጅ ጓንት ወይም በላስቲክ ተይዘው ሁለት ሦስት ገና የሞቱትን ወደ ባለሙያ ማድረስ፣ የተረፉትን ወደ ገበያ ከመውሰድ መታቀብም ተገቢ ነው። የታመመች ዶሮ በገበያ ቀን ተሸጣ በሽታውን ለጎረቤት ቀበሌ ስታደርስ ኪሳራው የአንድ ቤት ሆኖ አይቀርም።

ከእንግዲህ በማኅበራት ስብሰባ ላይ «ይህ ቅጠል ለዶሮ ደም መድኃኒት ነው» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። የተሰጠው ምን ያህል ነው? ያልተሰጣቸው ዶሮዎችስ እንዴት ሆኑ? ደሙ የጨመረው ከጉድለት ወደ ልኩ ነው ወይስ ከልኩ በላይ? የሞቱት ቁጥር ቀንሷልን? ለነዚህ መልስ ያለው ቅጠል በማኅበሩ መዝገብ ይግባ። መልስ የሌለው ግን እስኪመረመር ድረስ ከዶሮዎቹ መኖና ውኃ ይራቅ።